የሐይቁን ቀለም ማንበብ

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ሐይቁን ለማየት ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ሐይቁን የሚመግበው ውኃ ግን የሚመጣው ከምሥራቅ በኩል ነው፤ ከወንዶ ገነት አካባቢ ተራሮች ወርዶ፣ በአንድ ወቅት ራሱ ሐይቅ የነበረውን የጨለለቃን ረግረግ አቋርጦ፣ ጥቁር ውኃ የሚል ስም ይዞ ይገባል። ሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ውኃው ይተናል፤ ይዞት የመጣው አፈር፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ግን አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ይህ ክምችት መጀመሪያ የሚታወቀው በቀለም ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲበዛ አልጌ ይፋፋል፤ ውኃውም ይለመልማል። ችግሩ ዓይናችን አረንጓዴውን ከአረንጓዴ አለመለየቱ ነው። አንዱ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚመገበው ደኅና አልጌ ሊሆን ይችላል። ሌላው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ሳይያኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ ፍጥረት ለስምጥ ሸለቆ ውኆቻችን እንግዳ አይደለም፤ የቆቃ ግድብ በእርሱ የታወቀ ነው።

ሃይፐርስፔክትራል ምስል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ተራ ካሜራ ብርሃንን በ3 ቀለም ይከፍላል። ሃይፐርስፔክትራል መሣሪያ ከ200 በላይ በሆኑ ቀጫጭን ክፍሎች ይሸነሽነዋል። ክሎሮፊል ቀዩን ብርሃን 675 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ይውጠዋል። ሳይያኖባክቴሪያ ደግሞ ፋይኮሳያኒን የሚባል የራሱ ቀለም ስላለው 620 አካባቢ በሚመለሰው ብርሃን ላይ ሌላ ጉድጓድ ይፈጥራል። ያ ጉድጓድ የሳይያኖባክቴሪያ ፊርማ ነው።

ይህ ዘዴ በውኃ ላይ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ የባሕር ኮራል ነው። ኮራል ቀለሙን የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው፤ ባሕሩ ሲሞቅ ያስወጣቸውና ነጭ ይሆናል። የአሜሪካው ናሳ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው ዘመቻ እንዲህ ያለ መሣሪያ በአውሮፕላን ጭኖ የሃዋይንና የአውስትራሊያን ኮራሎች ቃኝቷል። ሕያው ኮራልን ከአሸዋና ከባሕር አረም መለየት የተሞከረበት መርህ ለሐዋሳም ያው ነው፤ በውኃው ውስጥ ያለውን ሕይወት ከሚመልሰው ብርሃን ማንበብ።

ይህን ብርሃን ከጠፈር በማንበብ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2000 የመጠቀው ሃይፐሪዮን የተባለ መሣሪያ ፈር ቀዳጅ ነበር። የጣሊያኑ ፕሪዝማ በ2019፣ የጀርመኑ ኤንማፕ በ2022 ተከተሉ። ኤንማፕ እያንዳንዷ የምስል ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነች ሐዋሳን በ100,000 ያህል ነጥብ ያየዋል። በ2024 የመጠቀው የናሳ ፔስ ግን ለውቅያኖስ የተሠራ ነው፤ ነጥቡ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሐይቃችን ለእርሱ ከ90 ያህል ነጥብ አይበልጥም።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስወነጨፈቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ብርሃንን በጥቂት ሰፋፊ ክፍሎች የምታይ ነበረች፤ ለእርሻና ለደን ትበጅ ነበር። በነጻ የሚገኘው የአውሮፓ ሴንቲነል-2 13 ክፍሎች አሉት፤ በየ5 ቀኑ ይመለሳል፤ 705 ናኖ ሜትር ላይ ያለው ክፍሉም ለክሎሮፊል ግሩም ነው። የሚያሳዝነው 620 ላይ ዓይን የለውም። አልጌው መብዛቱን ይነግረናል፤ የትኛው አልጌ እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ሳተላይቶቹ የማያሸንፉት የክረምቱን ደመና ነው። ጎርፉ ከማሳው ማዳበሪያና አፈር ጠርጎ ወደ ሐይቁ የሚያስገባው በዚያው በዝናቡ ወቅት ነው፤ ሰማዩም የሚዘጋው ያኔ ነው። ሐይቁን ማየት በሚያስፈልገን ጊዜ እንታወራለን ማለት ነው። ሰማዩ ሲጠራ እንኳ ከውኃ በላይ ወዳለ ሳተላይት ከሚደርሰው ብርሃን አብዛኛው አየሩ የበተነው ነው፤ የሐይቁ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ የአየሩን ድርሻ በሚቀንሰው ስሌት ላይ ትንሽ ስሕተት ብዙ ያበላሻል። ለውቅያኖስ የተዘጋጁት ቀመሮችም ደለል በበዛበት ውኃ ይሳሳታሉ። የዓባያ ሐይቅን ቡናማ ውኃ ያየ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም።

ስለዚህ እኔ ከሳተላይቱ በፊት የማስበው ጀልባዋን ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሐይቅ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም ፕሮፌሰር ዝናቡ ገብረማርያም፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ክሎሮፊል ሲለኩ የኖሩት ውኃ ቀድተው፣ አጣርተው፣ ቤተ ሙከራ ወስደው ነው። ያ ልፋት ጊዜው አላለፈበትም፤ የሳተላይት ምስል የሚረጋገጠው በእርሱ ነው። ማይክሮሲስቲስ ነፋስ ሲያርፍ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ሲነሣ ወደ ዳር ይገፋል፤ ስለዚህ ትናንት የተቀዳ ውኃ ለዛሬ ምስል ምስክር አይሆንም። ኤንማፕም ሆነ ሴንቲነል-2 የሚያልፉት ረፋድ ላይ ነው። በዚያው ረፋድ አንድ ጀልባ በከተማው ዳር ካለው አሞራ ገደል፣ ሌላው ጥቁር ውኃ ከሚገባበት አፍ ላይ መቅዳት አለባቸው።