ጨው በሴት ኩላሊት፣ ጨው በወንድ ኩላሊት

በሐረር ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው፤ በወተት የሚፈላው ሆጃም ጨው ይገባበታል። በሕይወት ፋናም ሆነ በጀጎል ሆስፒታል ሐኪሙ «ጨው ቀንሱ» ሲል ምክሩ ከወጡ አልፎ ስኒው ድረስ ይሄዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8 ግራም ገደማ ጨው እንደሚወስድ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ለወንድም ለሴትም እኩል። ኩላሊታቸው ግን ጨውን እኩል አይዝም።

ጤነኛ ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራል። ከዚያ ውስጥ ከአንድ ኪሎ የሚበልጠው ጨው፣ 99 በመቶ ያህሉ፣ ወደ ደም ይመለሳል። ሁለት ሦስተኛውን የሚመልሰው የቱቦው መጀመሪያ ነው፤ የቀረውን ቀጣዮቹ ክፍሎች ይለቅሙታል። የፆታ ሆርሞኖች የሚነኩት ሶዲየም የሚያሻግሩትን ፕሮቲኖች ብዛትና ትጋት ነው። ዝርዝሩ የተገኘው ባመዛኙ ከአይጥ ነው፦ በሴቷ የመጀመሪያው ክፍል ያነሰ፣ የኋለኛው የበለጠ ይሠራል። ጨዋማ ፈሳሽ ሲሰጣትም ከወንዱ ፈጥና ታስወግደዋለች።

ለምን እንዲህ ሆነ? እኔን የሚያሳምነኝ ከእርግዝና ጋር የሚያያይዘው መላምት ነው። በእርግዝና ወራት የሴቷ የደም ፈሳሽ በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ለዚህ ኩላሊቷ ሶዲየም ማጠራቀም አለበት። ችግሩ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ጨው አስቀሪውን ሆርሞን አልዶስትሮንን ከሥራ ቦታው መግፋቱ ነው፤ ሰውነቷም አልዶስትሮኑን አብዝቶ በማመንጨት ይመልሳል። ነፍሰ ጡርን ከጨው መከልከል ከእርግዝና ግፊት እንደማያድናት የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. መመሪያው አስፍሯል።

እስከ ማረጥ ድረስ የሴት ግፊት ከእኩያዋ ወንድ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ይጠባል፣ ይገለበጣልም። ታዲያ በማረጥ የሚቀንሰው ኤስትሮጅን ቢተካስ? ባረጡ ሴቶች ላይ በአሜሪካ የተካሄደው ትልቅ ጥናት ግፊታቸው እንዳልወረደ፣ እንዲያውም በጥቂቱ እንደጨመረ አሳይቷል። ዕድሜ፣ ውፍረትና የደም ሥር መድረቅ ድርሻቸው ትልቅ ነው። ሐረር ላይ ደግሞ ጫት አለ፤ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አብዝተው የሚቅሙትም ወንዶች ናቸው። መለኪያው ላይ የሚታየውን ልዩነት ሁሉ ለሆርሞን መስጠት አይቻልም።

በመድኃኒት ረገድ ግን ልዩነቱ ተጨባጭ ነው። በኢትዮጵያ ለግፊት በሰፊው የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚዘጋው በሴት አይጥ በብዛት የሚገኘውን የኋለኛውን ክፍል ሶዲየም አሻጋሪ ፕሮቲን ነው። በመድኃኒቱ ምክንያት የደም ሶዲየም መውረድም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ በተለይ በአረጋውያኑ፣ ይበዛል። መድኃኒቱን የጀመረች እናት ካቅለሸለሻት ወይም ግራ ከተጋባች ሶዲየሟ መለካት አለበት።