የገና መብራትና የቆርቆሮ ጣራ



ዛሬ የምናገርበት ርዕስ ለእንዲህ ያለ መድረክ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ርዕሱ የገና መብራት ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ታኅሣሥ ሲጋመስ በየሱቁ በር ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉ የመብራት ጥቅሎች ተሰቅለው እናያለን። እነዚህ መብራቶች ቀደም ሲል የሚታዩት በሳሎን ውስጥ፣ በገና ዛፍ ላይ ነበር። አሁን ግን ወደ በረንዳው፣ ወደ አጥሩና ወደ ጣራው ጠርዝ ወጥተዋል። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ታኅሣሥ 29ን በብርሃን ይቀበላል፤ ብዙው ሰው እስከ ጥምቀት ሳያወርዳቸው ይቆያል።

በኤሌክትሪክ የበራ የገና ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1882 በኒው ዮርክ ከተማ ነው። የቶማስ ኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን በቤቱ ውስጥ ባቆመው ዛፍ ላይ 80 አምፖሎች አበራ። እንግዲህ ልማዱ የተወለደው በእንጨት ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ወስደን በብረት ላይ ሰቀልነው። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥም ይኸው ነው። ቤታችን በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት መብራት ስንመርጥ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ቀለሙና ስለ ድምቀቱ ሳይሆን፣ ሽቦው ቆርቆሮውን ቢነካ ምን እንደሚሆን ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ በታላቅ እኅቴ ቤት መሰላል አቁሜ ከገበያ የገዛሁትን መብራት በጣራዋ ጠርዝ ላይ ዘረጋሁ። ገመዱ እንዳይንሸራተት በየክንዱ ርቀት ሚስማር እየመታሁ አጠፍሁበት። የኤሌክትሪክ ትምህርት የማስተምር ሰው መሆኔን እዚህ ላይ ብናገር ያሳፍረኛል፤ ግን መናገር ይገባኛል። ከሚስማሮቹ አንዱ የገመዱን ሽፋን ሰንጥቆ መዳቡን ከቆርቆሮው ጋር አገናኝቶት ነበር። መብራቱ አልጠፋም፤ ብሬከሩም አልወረደም። ሁላችንም ግቢው አማረበት እያልን አመሰገንን። የልብስ ማስጫው ሽቦ አንዱ ጫፍ ከጣራው ጋር የታሰረ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ መብራቱ እንደበራ አድሮ ሳለ፣ የእኅቴ ልጅ እርጥብ ነጠላ ልታሰጣ ሽቦውን ስትነካ ኮረንቲ ነዘራትና ወደ ኋላዋ ወደቀች። ልጅቱ ተረፈች። በእግሯ የላስቲክ ጫማ ባይኖር ኖሮ ግን መትረፏን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?

መልሱ ቀላል ነው፤ ቢሆንም ብዙ ሰው አያውቀውም። ብሬከር የተሠራው ሽቦን ለመጠበቅ እንጂ ሰውን ለመጠበቅ አይደለም። በየቤታችን የተለመደው 16 አምፔር ብሬከር የሚወርደው ከ16 አምፔር በእጅጉ የበለጠ ኮረንቲ ሲያልፍበት ነው። የእርጥብ ሰው ሰውነት ለኮረንቲ ያለው መከላከያ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልትን ለ1,000 ኦም ብናካፍል 0.22 አምፔር እናገኛለን። የልብን ምት ለማዛባት 0.03 አምፔር እንኳ ጥቂት ከቆየ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ሰውን የሚገድለው ኮረንቲ ለብሬከሩ እንደ አንዲት አምፖል ነው፤ አይቆጥረውም።

ጣራውስ? ደረቅ እንጨትና ደረቅ ጭቃ ኮረንቲን በደንብ አያስተላልፉም። በመሆኑም ሽቦው ቆርቆሮውን ሲነካ ኮረንቲው ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አያገኝም። ጣራው 220 ቮልት ተሸክሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብልጭታ የለም፤ ድምፅ የለም፤ ሽታ የለም። መንገዱ የሚከፈተው አንድ ሰው ከመሬት ላይ ቆሞ ቆርቆሮውን፣ አሸንዳውን ወይም ከእነርሱ ጋር የታሰረውን የልብስ ማስጫ ሲነካ ነው። ታኅሣሥ በጋ ስለሆነ ዝናብ የለም ብለን አንዘናጋ። በደጋው የሌሊት ጤዛ ቆርቆሮውንም፣ ገመዱንም፣ ሣሩንም ያረጥባል፤ አደጋው የሚያይለውም በማለዳ ነው።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የአምፖሎቹን ትንሽነት አይቶ መናቅ ነው። እውነት ነው፣ አንዲት የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል የምትፈልገው 3 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን በቀጥታ ሶኬት ላይ በሚሰካው ዓይነት መብራት ውስጥ ብዙ አምፖሎች እርስ በርሳቸው በተከታታይ ተያይዘው 220 ቮልቱን ይካፈሉታል። አምፖሏ ትንሽ ናት፤ ገመዱ ግን ከቆጣሪው የመጣውን ሙሉ ቮልት ይዞ ነው በጣራችሁ ላይ የሚሄደው። በገመዱ ላይ ያለችው ብልጭታ መለዋወጫ ሳጥን ቮልቱን የምትቀንስ የሚመስለው ሰው አለ። እርሷ ብልጭታውን ትለዋውጣለች እንጂ ቮልት አትቀንስም።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

ከቤት ውጭ ለሚሰቀል መብራት የመጀመሪያው ምርጫ አዳፕተር ያለው ዝቅተኛ ቮልት መብራት ነው። አዳፕተሩን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። የሚያወጣው 24 ወይም 31 ቮልት ከሆነና አዳፕተሩ ደኅና ከሆነ፣ ገመዱ ተሰንጥቆ ቆርቆሮውን ቢነካ እንኳ ጣራው ሰው የሚገድል ቮልት አይሸከምም። ሁለተኛው ምርጫ በፀሐይ ኃይል የሚሞላው ነው፤ ከቆጣሪው ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ የበጋው ፀሐያችንም ይበቃዋል። ከዚህ ቀጥሎ በካርቶኑ ላይ «አይ.ፒ.» ከሚለው ጽሑፍ ጎን ያሉትን ሁለት አኃዞች ተመልከቱ። የመጀመሪያው ስለ ጠጣር ነገርና አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ይናገራል። 20 ከሆነ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ 44 ከሆነ የሚረጭ ውሃን ይቋቋማል፤ 65 ከሆነ ከቧንቧ የሚወረወር ውሃንም ይችላል። ለውጭ ከ44 በታች አትግዙ። አምፖሎቹ 44 ሆነው አዳፕተሩ 20 ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። የኮረንቲ ሒሳብ አያሳስባችሁ። 10 ዋት የሚወስድ መብራት በየምሽቱ 6 ሰዓት ለ10 ቀን ቢበራ የሚቆጥረው 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው።

አሰቃቀሉን በተመለከተ፣ ሚስማር አትምቱ። ገመዱን በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በሲባጎ፣ ከቆርቆሮው ራቅ አድርጋችሁ በእንጨቱ ላይ እሰሩት። የቆርቆሮ ጠርዝ ቢላ ነው፤ ነፋስ ገመዱን ባወዛወዘው ቁጥር ሽፋኑን ይልጠዋል። በላሜራ በር፣ በሽቦ አጥርና በልብስ ማስጫ ላይ አትዘርጉ። ከመንገዱ ምሰሶ ወደ ቤታችሁ በሚገባው መስመር አጠገብ መሰላል አታቁሙ። የልብስ ማስጫችሁ ከጣራው ጋር ከታሰረ ዛሬውኑ ፍቱትና በሁለት እንጨቶች መካከል አስሩት፤ ይህ የገና መብራት ለሌለውም ቤት ይሠራል።

ሶኬቱና አዳፕተሩ ከቤት ውስጥ ይሁኑ። ገመዱ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይግባ፤ ውሃው ገመዱን ተከትሎ ወደ ሶኬቱ እንዳይደርስ ከዚያ ጉብጠት ላይ ይንጠባጠባል። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለውጭ መብራት አይሆንም፤ ጤዛው ይገባበታል። በበዓል ቀን ደግሞ ማከፋፈያው ብዙውን ጊዜ ከቄጤማው ሥር ተደብቆ ይውላል። እዚያው ላይ ቡና ይፈላል፤ ውሃ ይደፋል፤ እንግዳ ይመላለሳል። ማከፋፈያውን ከወለሉ ከፍ አድርጉት። ከመተኛታችሁ በፊትና መብራት ሲጠፋ ንቀሉት። በማጥፊያ ማጥፋት አይበቃም፤ የስፒናችን ሁለት እግሮች ተገልብጠው ሊሰኩ ስለሚችሉ፣ አምፖሉ ጠፍቶም ገመዱ ኮረንቲ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ብሬከሩ ሰውን ካልጠበቀ የሚጠብቅ መሣሪያ የለምን? አለ። አር.ሲ.ዲ. ይባላል። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላው መመለሱን ያመዛዝናል፤ የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ካገኘ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። ስትገዙ «30 ሚሊ አምፔር» የሚለውን አረጋግጡ፤ ባለሙያ ይግጠመው፤ መፈተሻ ቁልፉንም በየጊዜው ተጫኑት። መሬት ውስጥ ብረት ቀብረናል፣ እርሱ ይበቃናል የሚሉ አሉ። የተቀበረው ብረት መከላከያ 50 ኦም ቢሆን የሚወርደው ኮረንቲ 4.4 አምፔር ብቻ ነው፤ 16 አምፔሩ ብሬከር አሁንም አይወርድም። ብረቱና አር.ሲ.ዲ.ው አብረው ሲሆኑ ግን ሰው ከመነካቱ በፊት መስመሩ ይቆረጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ኮረንቲ ቢይዘው፣ በእጃችሁ አትሳቡት። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አውርዱ። ማጥፊያው ሩቅ ከሆነ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን አላቅቁ። የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ሲጠራ፣ በደረቱ መካከል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እያጎደጎዳችሁ ጫኑ። ደኅና ነኝ ብሎ ቢነሣም ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የልብ ምት መዛባት ዘግይቶ ሊታይ ይችላል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ኤሌክትሪክ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በሆሮ ጉዱሩ የፊንጫ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ብርሃን ሲሰጥ ኖሯል። የጎደለን ብርሃኑ ሳይሆን ስለ ጣራችን ማሰቡ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ፤ መብራቱን ከሶኬቱ ንቀሉና የልብስ ማስጫችሁ ከምን ጋር እንደታሰረ ተመልከቱ። እኔ ይህን ሳላይ ነበር መሰላሉን ያነሣሁት።

 መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።