ለታመመ ኤሊ የመጀመሪያው መድኃኒት

ኤሊ፣ እንሽላሊትና እባብ እንደ ውሻና ድመት የሰውነታቸውን ሙቀት ከውስጥ አያመነጩም፤ ከፀሐይ፣ ከጋለ ድንጋይ ወይም ከአምፖል ይዋሳሉ። የበሉትን መፍጨትም ሆነ በሽታን መቋቋም የሚችሉት በዚህ ብድር ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚኖር ኤሊ ምግብ አልበላም ብሎ ሲያንቀላፋ፣ ባለቤቱ ከመድኃኒት ሳጥኑ በፊት ቴርሞሜትር ቢያነሳ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ በባክቴሪያ ከተያዙ የበረሃ ኢጓናዎች መካከል በ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቆዩ የተደረጉት በአመዛኙ ሲተርፉ፣ በ34 ዲግሪ የቆዩት በብዛት አልቀዋል። ምርጫ ሲሰጣቸው ደግሞ የታመሙት ራሳቸው ሞቅ ወዳለው ጥግ ይሄዱ ነበር። ለእነሱ ትኩሳት በእግር የሚኬድበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በሰሃራ ደቡባዊ ጠርዝ የሚኖረው ትልቁ የአፍሪካ ኤሊ ዛሬ በአሜሪካ በብዙ ቤት ይረባል። በረሃ ለለመደ እንስሳ ቀዝቃዛ ሳሎን በሽታ መጥሪያ ነው። ከአምፖሉ ሥር ወደ 35 ዲግሪ፣ በሌላው ጥግ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ማረፊያ ያስፈልገዋል፤ ሁሉም ጥግ ከጋለ መሸሻ አጥቶ የሰውነቱ ውኃ ያልቃል። ለብ ያለ ውኃ በሰፊ ሳህን፣ ከአገጩ በታች እስኪሆን ብቻ ሞልቶ ኤሊውን ለሩብ ሰዓት ያህል ውስጡ ማቆየት ደግሞ እንዲጠጣና እንዲጸዳዳ ይረዳዋል። ሳህኑ ለዚሁ ብቻ ይሁን፤ እነዚህ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ ይይዛሉና ከወጥ ቤት ይራቅ፣ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ብርሃን ከሙቀት ይለያል። ቅርፊቱ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከሰረገደ፣ መንጋጋው ከላላ ወይም እግሩ ከተንሻፈፈ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካልሲየምና የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር እጦት ነው። «ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ነው የሚውለው» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ ተራ የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ያግዳል። ይህን ጨረር የሚሰጥ አምፖልም ሲያረጅ ቦግ ብሎ እየበራ ጨረሩን ሊጨርስ ይችላል። አምፖሉን መቀየር ጉዳቱ እንዳይብስ ያግዛል እንጂ የተጣመመ አጥንት አያቀናም።

ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም ብርቅ ነው፣ ክፍያውም ይከብዳል የሚል ሰው እውነት አለው። ነገር ግን እጅ ላይ ያለው መድኃኒት ሁሉ መተኪያ አይሆንም። አርብቶ አደሩ ለከብትና ለበግ ጥገኛ ትል የሚያውቀው አይቨርሜክቲን፣ ኤሊን ሽባ አድርጎ ይገድላል። በግምት የሚሰጥ አንቲባዮቲክም መጠኑ እንደ ዝርያው ስለሚለያይ አደገኛ ነው። ሙቀቱም ቢሆን ወሰን አለው፦ አፍንጫው አረፋ ካወጣ፣ አፉን ከፍቶና አንገቱን ዘርግቶ ከተነፈሰ ጉዳዩ ሳንባው ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ኤሊ እንደ እኛ ደረትን ከሆድ የሚለይ ጡንቻ ስለሌለው የተጠራቀመውን ንፍጥ በሳል ማውጣት አይሆንለትም፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በመንገድ እንዳይበርደው በሞቀ ሳጥን ይወሰድ፤ የመኖሪያው ፎቶ፣ የተለካው ሙቀት፣ የአምፖሉ ዕድሜና የሚበላው ምግብ ዝርዝር አብሮ ይሂድ፤ ሐኪሙ ከምርመራው በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።