ሞተር ቅያሪ በደማም ግቢ

ከሳዑዲዋ ደማም ወደ አልኾባር በሚወስደው አውራ ጎዳና በኩል ያለው የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተ የፋብሪካ መንደር ነው። ሞተር ሊቀይር የተነሳ ሰው ግን የሚሄደው «ሰናዒያ» ወደሚባሉት የጋራዥ ሰፈሮች ነው፤ ደማም ላይ ኹደሪያ፣ አልኾባር ላይ ሱቅባ። ቶርኖ ቤቱ፣ በያጁ፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ የመለዋወጫ ሱቁ ሁሉም ጎን ለጎን ነው። ያገለገለው ሞተር የሚገዛው ደግሞ አሮጌና የተጋጨ መኪና ተፈታትቶ ከሚሸጥበት ከተሽሊህ ነው። የአዲስ አበባውን ሶማሌ ተራ የለመደ አበሻ እዚያ ገብቶ ግራ አይገባውም።

እኛ አገር ሞተር የሚቀየረው መኪናው ዕድሜ እንዲቀጥል ነው። ቀረጡ አዲስ መኪና አያስመኝም፤ ስለዚህ አሮጌው ያው ዓይነት ሞተር ይገባለትና፣ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ይስተካከልና ሥራውን ይቀጥላል። በሳዑዲ ምሥራቃዊ ግዛት ግን ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ጉልበት ነው። ከአልኾባር በስተደቡብ፣ ግማሽ ጨረቃ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ፣ ወጣቱ በመኪና የአሸዋ ኮረብታ ይወጣል። የኒሳን ፓትሮሉ ባለ 4.8 ሊትር ቲቢ48 ሞተር የሚፈለገው ለዚሁ ነው። የጄኔራል ሞተርሱ ኤልኤስ ቪ8ም እንዲሁ፤ ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ ሳይሆን ብሎኩ ውስጥ ስለሆነ ስምንት ሲሊንደር ይዞ እንኳ ጠበብ ያለ ኮፈን ሥር ይገባል።

ጋራዥ ሳይሄዱ በራስ ግቢ ውስጥ ለመሥራት ፓራንኮ፣ ፓራንኮውን የሚሸከም ጠንካራ ማቆሚያ፣ ክሪክና አንድ ልብ ያለው ረዳት ያስፈልጋል። የተንጠለጠለ ሞተር ሥር እጅም እግርም አይገባም፤ ሰንሰለት አይታመንም። በበጋ ሥራው የሌሊት ነው። መንግሥት ራሱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። የሻማል ነፋስ ከተነሳ ደግሞ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅና በፕላስተር መታሸግ አለበት፤ አንድ ጭብጥ አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ አዲሱ ሞተር ከአሮጌው አይሻልም። የኤር ኮንዲሽነሩ ኮምፕረሰር ቱቦው ሳይፈታ ወደ ጎን ቢታሰር ጋዙም ይተርፋል፣ ገንዘቡም።

ሞተር ማውረድ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ቀላሉ ክፍል እሱ ነው። ራስ የሚያዞረው ሽቦው ነው። ብሎኩን ብቻ ገዝቶ የመጣ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የገዛው፤ ኮምፒውተሩ፣ ሙሉው የሽቦ ጥቅል፣ የጋዝ ፔዳሉ፣ ቁልፉ ሳይቀር ሞተሩ ከወጣበት መኪና መምጣት አለባቸው። የዘመኑ ኮምፒውተር የቁልፉን ቺፕ ካላወቀው ሞተሩን አያስነሳም። ከተቻለ ከፊት በኩል የተቆረጠ ግማሽ መኪና መግዛት ይሻላል፤ ውድ ይመስላል፣ ግን ትንሿን ሶኬት ፍለጋ በየሱቁ ከመንከራተት ያድናል።

ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ቶርክ ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ላይ ሲሰካ እየተገፋና እየተሽከረከረ ደረጃ በደረጃ ነው የሚገባው። በየደረጃው «ቆፍ» ይላል፤ የመጨረሻው የዘይት ፓምፑን ጥርስ ሲይዝ ነው። እሱ ሳይሰማ ሞተርና ካምቢዮን በቡሎን ኃይል ማጣበቅ ፓምፑን መስበር ነው። በትክክል ከገባ፣ ሁለቱ አካላት ከተገጣጠሙ በኋላ እንኳ ኮንቨርተሩ በእጅ ይዞራል። በእጅ እምቢ ካለ ወደ ኋላ ፈትቶ ማየት ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ከመነሳቱ በፊት ነዳጁ ተቋርጦ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ማዞር ያስፈልጋል፤ ደረቅ ብረት ከደረቅ ብረት ጋር እንዳይፋተግ።

ወረቀቱ ግን ከሁሉም መቅደም ነበረበት። የሳዑዲ የትራፊክ ሕግ ያለፈቃድ የመኪናን አካል መለወጥን ጥፋት ይለዋል፣ በየጊዜው የሚደረገው የመኪና ምርመራ፣ «ፈሕስ»ም አለ። ስለዚህ ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ደረሰኝ ከተሽሊህ ሳይቀበሉ፣ አሠራሩንም ከትራፊክ ቢሮ ሳይጠይቁ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ አይደለም። ሌላው ፈተና ራዲያተሩ ነው፤ ለትንሹ ሞተር የተሠራው ለትልቁ አይበቃም። ጠዋት ላይ ዞሮ መመለስ ምንም አይነግርም። በነሐሴ ቀትር፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ተከፍቶ፣ የኾባር መብራት ላይ ቆሞ የሙቀት ጌጁ ንቅንቅ ካላለ ነው ሥራው አለቀ የሚባለው።