ሸክላን እምቢ ያለው መሪ

ሩማኒያዊው የኦርኬስትራ መሪ ሰርጁ ቼሊቢዳኬ በወጣትነቱ ጥቂት ሸክላዎች ካስቀረጸ በኋላ ስቱዲዮ አልገባም ብሎ ኖረ። ብዙዎች ነገሩን የአመል ጉዳይ አድርገው ያልፉታል፤ ገሚሱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይመራው የነበረው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ስቱዲዮ ወዳዱን መሪ ካራያንን መምረጡ የፈጠረው ቅሬታ ነው ይላል። እንጀራችን ድምፅ መቅረጽ የሆነ ሰዎች ግን እንዲህ ልናልፈው አይገባም፤ የሚሞግተው የእኛኑ ሙያ ነውና። በእሱ እምነት የሙዚቃ ፍጥነት ኖታው ላይ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ድምፁ አዳራሹን ነክቶ ተመልሶ፣ የተነባበረው ሁሉ ለጆሮ እስኪጠራ የሚፈጀው ጊዜ ይወስነዋል። ከቫዮሊኖቹ በላይ የተሰቀለ ማይክሮፎን ደግሞ አዳራሹ መሃል የተቀመጠ አድማጭ የሚደርሰውን ድምፅ አያገኝም። ስለዚህ ለአዳራሹ ልክ የነበረው ፍጥነት ሳሎን ውስጥ የተጎተተ ይመስላል። የሙያው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለደንበኛ አንናገረውም እንጂ።

ሙኒክ ፊልሃርሞኒክን ከ1979 እስከ ሞተበት 1996 (እ.ኤ.አ.) መርቷል። ሌሎች መሪዎች በ80 ደቂቃ አካባቢ የሚጨርሱት የሙዚቃ ደራሲው ብሩክነር ስምንተኛ ሲምፎኒ በእሱ የ1993 የኮንሰርት ቅጂ ከ100 ደቂቃ ያልፋል። ይሁን እንጂ ይህንኑ ሥራ በ1970ዎቹ ሽቱትጋርት ላይ ከ90 ደቂቃ በታች ተጫውቶታል፤ ቅጂው የተደረገበት የሙኒኩ የጋስታይግ አዳራሽም በድምፅ አያያዙ ሲተች የኖረ ነው። ታዲያ ፍጥነቱን አዳራሹ ብቻ ወሰነው ማለት አያስኬድም። እኔ የበለጠ የሚያሳምነኝ ልምምዱ ነው። ከሌሎች መሪዎች ይልቅ ረጅም የልምምድ ጊዜ ይጠይቅ ነበር፤ እርስ በርስ መደማመጥ የለመደ ኦርኬስትራ ደግሞ ሌላው የሚያደበዝዘውን የውስጥ ድምፅ ሁሉ ስለሚያወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ይህም ሙሉ መልስ ነው አልልም፤ እርጅናውም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሬዲዮና ካሜራ ሲቀዱት ፈቅዶ ሸክላን ማውገዝ ግብዝነት አይሆንም? ለእኔ አይሆንም። የሬዲዮ ቅጂ አንድ ምሽት በአንድ ቦታ የሆነውን ያስተላልፋል። ስቱዲዮ ግን ከብዙ ሙከራ ቆርጦ እየቀጠለ፣ በየትኛውም ምሽት ያልተጫወተ ሙዚቃ ይሠራል። እሱ ከሞተ በኋላ በቤተሰቡ ፈቃድ በኢኤምአይ የታተሙት የሙኒክ ኮንሰርቶች በአብዛኛው ከመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። መታተማቸውን እደግፋለሁ፤ ያለ እነሱ በአዳራሹ ላልነበረ ሰው የሚቀረው ዝናው ብቻ ነበር። አሳታሚው ጭብጨባውን ሳይቀር አካቷል። በአሳታሚው ቦታ ብሆን ማይክሮፎኖቹ የት እንደተሰቀሉም በሽፋኑ ላይ አጽፍ ነበር።