የሞተር ካቴና ሲቀየር፦ ሁለት ምልክት፣ ሁለት ዙር

ለዛሬ የምናነሳው የመኪና ሞተር ታይሚንግ ካቴናና ማርሾቹ እንዴት እንደሚገጠሙ ነው። ጽሑፉ ለመካኒክነት ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የሒሳብ መምህራንም እንድታነቡት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

በሾዋክና በገዳሪፍ አካባቢ መኪና ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በድርቁ ጊዜ ሾዋክ ለምሥራቅ ሱዳን ካምፖች የሥራ ማዕከል ስለነበረች ላንድክሩዘርና የጭነት መኪና ይርመሰመስባት ነበር። ክረምት ገብቶ ጥቁሩ አፈር ሲጨቀይ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት የምትደርሰው አንዲት ቦክስ ከተነሳችላት ነው። (ሱዳኖች ፒክአፕ ሃይሉክስን ቦክስ ይሏታል።) የዚያች ቦክስ ሞተር መንገድ ላይ ካቴና ቢበጥስ ወይም ቢያዘልል በገመድ ተጎትቶ መግባት ብቻ ሳይሆን ሌላ ጣጣ አለው።

ጣጣው እንዲህ ነው። ሞተር ውስጥ ሁለት ዋና ዘንጎች አሉ። የታችኛውን፣ ክራንክ ሻፍቱን፣ ፒስተኖች ያሽከረክሩታል። የላይኛው ካም ሻፍት ደግሞ ቫልቮችን በየተራ ይከፍታል። ሞተሩ አንድ ሥራ ለመጨረስ አራት ነገር ያደርጋል፦ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። ለነዚህ አራቱ ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የላይኛው ማርሽ የታችኛውን እጥፍ ጥርስ አለው። ካቴናው ሁለቱን አስማምቶ ይይዛል። ስምምነቱ ከፈረሰ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስተኑ ይወጣና ይገጫሉ፣ ቫልቩ ይጣመማል። ከዚያማ ቴስታታ ማውረድ ነው፤ ዋጋው ከካቴናው ብዙ እጥፍ ነው።

ሁሉም ሞተር ካቴና የለውም። አሮጌው የላንድክሩዘር ባለ ቤንዚን 2ኤፍ ሞተር ማርሽ ከማርሽ ቀጥታ ይያያዛል። ናፍጣው 1ኤችዜድ የጎማ ቺንጋ አለው፤ ብዙ ጊዜ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። እኛ የምንገልጸው በሃይሉክስ ላይ የምናገኘውን ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን 22አር ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባለ ሁለት ረድፍ ካቴና ወደ ባለ አንድ ረድፍ ተቀይሯል፤ ካቴናውን የሚደግፉትም ፕላስቲክ የለበሱ ናቸው። ድካሙ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል። የእኛ ሰው ካቴና፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ የሚለው ከጣሊያኖች ጋር የመጣውን ቃል ነው። የሱዳኑ ባለ ወርሻ ካቴናን ጀንዚር፣ ቺንጋን ሰይር ይላል። የአምራቹ መጽሐፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪ ሦስቱንም ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ዕቃ ለመግዛት ገዳሪፍ ገበያ ሲሄድ ካቴና ብሎ ቢጠይቅ የሚሰማው ላይኖር ይችላል።

ምልክቱ በጠዋት ሞተር ሲነሳ ከፊት በኩል የሚሰማ የካቴና መንጫጫት ነው። ካቴና እንደ ላስቲክ አይለጠጥም፤ በአቧራና በቆሸሸ ዘይት ምክንያት መጋጠሚያ ፒኖቹ ይበላሉና ይረዝማል። ሲላላ በሹፌሩ በኩል ያለውን ፕላስቲክ ደጋፊ ይሰብራል፤ ከዚያ የፊት ክዳኑን እየፋቀ ወደ ውኃው መንገድ ይበሳል። ዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ሻይ በወተት ከመሰለ ሞተሩን አታስነሱ።

ወደ ሥራው እንግባ። ባትሪ ይፈታል፣ ውኃና ዘይት ይወርዳል፣ ራዲያተርና ቺንጋዎች ይነሳሉ። ምንም ከመፈታቱ በፊት ግን አንደኛው ፒስተን በማመቅ ላይ ሆኖ ጫፍ መድረስ አለበት። የአንደኛውን ካንዴላ ፈትታችሁ ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ክራንኩን በቁልፍ አዙሩ፤ አየሩ ጣት ሲገፋ ማመቅ ነው። የፑሊው ጭረት ከዜሮው ጋር ሲገጥም አቁሙ። የዲስትሪቡተሩ ጣት የት እንደሚያይ ምልክት አድርጉና አውጡት፤ የካንዴላ ሽቦው ተራ 1-3-4-2 ነው።

የፊት ክዳኑ ሲፈታ አንድ የሚያስቸግር ብሎን አለ። ከቴስታታው ፊት፣ ከካም ማርሹ ሥር፣ ዘይት በተኛበት ጉድጓድ ውስጥ ተደብቋል። ስንቱ ክዳን ይህ ብሎን ሳይፈታ በካቻቢቴ ሲጎረጎር ተሰንጥቋል! ከታችም የዘይት ኮፓው ብሎኖች ክዳኑን ይይዙታል። ቴስታታ ሳይወርድ መሥራት ይቻላል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል፤ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ጫፍ እንዳይቀደድ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ካቴናውን ብቻ ቀይሮ በተበላ ማርሽ ላይ መጫን፣ በእኛ አስተያየት፣ ገንዘብ መጣል ነው። ማርሾቹ፣ ወጣሪውና ደጋፊዎቹ አብረው ይቀየሩ። ዕቃ የሚታጠበው በናፍጣ ነው፣ በቤንዚን አይደለም፤ በሙቀቱ እሳት ቅርብ ነው።

አዲሱ ካቴና ላይ ቀለማቸው የተለየ ሁለት ቀለበቶች አሉ። የታችኛው ማርሽ በዘንጉ ላይ የምትይዘው ትንሿ ብረት ወደ ላይ ታያለች፤ አንዱ ባለ ቀለም ቀለበት በማርሹ ምልክት ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ቀለበት በላይኛው ማርሽ ምልክት ላይ ያርፋል፤ የካም ሻፍቱ ፒንም ወደ ላይ፣ በሰዓት 12 ላይ ሆኖ ማርሹ ይገባል። በሹፌሩ በኩል ያለው ካቴና ቀጥ ብሎ መወጠር አለበት፤ የሚጎተተው በዚያ በኩል ነው። ልልነቱ ሁሉ ወደ ወጣሪው ይሂድ።

አሁን ካንዴላዎቹ እንደወጡ ክራንኩን በእጅ፣ በሰዓት አዟዟር፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ድንገት ቢይዝ አታስገድዱ፤ ፒስተን ቫልቭ ነክቶ ይሆናል። ሁለት ዙር ሲሞላ የፑሊው ጭረትና የካሙ ፒን ቦታቸው ይመለሳሉ። ባለ ቀለም ቀለበቶቹ ግን አይመለሱም! ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ደንግጦ ሥራውን እንደገና ይፈታል።

የሒሳብ መምህራን፣ ተራችሁ ደረሰ። ለምሳሌ ታችኛው ማርሽ 20፣ ላይኛው 40 ጥርስ፣ ካቴናው 100 ቀለበት ቢኖረው የሦስቱ ትንሹ የጋራ ብዜት 200 ነው። 200 ጥርስ ለማለፍ ክራንኩ 10 ጊዜ ይዞራል፤ ቀለበቶቹ ምልክታቸውን የሚያገኙት ያኔ ብቻ ነው። ካቴናው አንድ ጥርስ ቢዘል ስንት ዲግሪ ነው? 360 ለ40 ሲካፈል ካሙ 9 ዲግሪ፣ በክራንኩ ሲታይ 18 ዲግሪ ይስታል። ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፤ ጉልበት ግን አይኖረውም። ትንሹን የጋራ ብዜት "ለምን ይጠቅመናል?" ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። የብስክሌት ካቴና ካገኛችሁም በክፍል ውስጥ ሊታይ ይችላል።

ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ዘይት ፓምፑ ውስጥ ቫዝሊን ይግባ፤ ተፈትቶ ስለደረቀ ቶሎ ዘይት ላይስብ ይችላል። ብሎኖቹ በመጽሐፉ መጠን፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቁ። ሞተሩ ሲነሳ አንድ ሁለት ሰከንድ ቢንጫጫ አትደንግጡ፤ ወጣሪው የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። የዘይት መብራቱ ካልጠፋ ወይም ጩኸቱ ከቀጠለ ወዲያው አጥፉ። ከጠፋና ጸጥ ካለ ሞተሩ ሲሞቅ የእሳቱን ታይሚንግ አስተካክሉ፤ ዘይቱንም ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ቀይሩ፤ ክዳኑ ተበስቶ ከነበረ ውኃው ዘይቱ ውስጥ ተርፎ ይሆናል።