ዕጣ የሚያወጣ መዝገብና መብራት የሚበላ መዝገብ

የትምህርት ማስረጃው ጠፍቶበት ከወረዳ ወረዳ የተንከራተተ መምህር የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? ነገ እኛም ዲፕሎማችንን ይዘን ከአታት እንወጣለን። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖን ከሚሠራው ኩባንያ ጋር ሆኖ የ3,500 ትምህርት ቤቶችን 5 ሚሊዮን ተማሪዎች ማስረጃ በብሎክቼይን ለመመዝገብ ማቀዱ ተነግሮ ነበር። ይኸው ወሬ ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ሲነሳ «ታዲያ ለምን ስመ ጥሩው ቢትኮይን አልተመረጠም?» የሚል ክርክር ተፈጠረ።

ለመሆኑ ብሎክቼይን ምንድን ነው? ደብተሩ በአንድ ጸሐፊ እጅ የማይቀመጥ ዕቁብ በሉት። እያንዳንዱ ዕቁብተኛ የደብተሩ ቅጂ አለው። በየገጹም ላይ ካለፈው ገጽ ይዘት ተሰልቶ የወጣ ቁጥር ይሰፍራል፤ ስለሆነም የድሮ ገጽ የሚፍቅ ሰው ቁጥሩ አልገጥም ይለውና ይጋለጣል። ጭንቁ ሌላ ነው፦ ዳኛ በሌለበት ዕቁብ ቀጣዩን ገጽ ማን ይጻፍ?

በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም የተጀመረው ቢትኮይን ይህን በሩጫ ይፈታዋል። ማሽኖች አንድ ቁጥር ፍለጋ ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ ያገኘው ገጹን ይጽፍና ይከፈለዋል። የተሸናፊዎቹ መብራትም አብሮ ነዷል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም እንዲህ ያሉ ማሽኖች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እየገዙ ይሠሩ ነበር። እርግጥ ነው፣ ወጪው እንዲያው ከንቱ አይደለም፤ ደብተሩን ሊያጭበረብር የተነሳ ሰው ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ኃይል ማቃጠል አለበት። የሚገርመው ግን ማሽን ቢጨመር ሥራው አይፈጥንም! በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እንቆቅልሹ እንደ ማሽኖቹ ብዛት ስለሚስተካከል አንድ ገጽ ያው 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሴኮንድ የሚያስተናግደውም 7 ያህል ዝውውር ነው።

በመስከረም 2010 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ካርዳኖ ደግሞ ሩጫ የለበትም፤ ዕጣ ያወጣል። በዕቁባችን ሁለት ዕጣ የገባ ሰው ስሙ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ እንደሚገባ ሁሉ፣ እዚህም ብዙ ገንዘብ ያስያዘ ብዙ ዕድል አለው። ስለዚህ ተራ ኮምፒዩተር ይበቃል፤ ባለ ብዙ ገንዘቡ ደብተሩን ይቆጣጠረዋል የሚለው ወቀሳ ግን አይቀርለትም። ገጹ በአማካይ በ20 ሴኮንድ ይዞራል። «እንዴ፣ 30 እጥፍ ፈጠነ እኮ!» ያለው ጓደኛችን ግን ተሳስቷል፤ የካርዳኖ ገጽ ከቢትኮይን ገጽ በጣም ያነሰ ነውና ብዙ ጽሑፍ አይችልም።

ለተማሪ ማስረጃ ያን ሁሉ መብራት መክፈል አያስፈልግም፤ በዚህ እኛ ለካርዳኖ እናደላለን። ነገር ግን መዝጋቢው 68ን 86 ብሎ ካስገባ፣ አንድ ሰው የማረሚያ ገጽ እስኪያስጽፍ ድረስ ሁለቱም ደብተሮች 86ን አጥብቀው ይይዛሉ።